ቅጠል በጨው መሬት ላይ እንዴት ሠርቶ ያድራል

ጨው በቤታችን የተከበረ ነገር ነው። ወጥ ያለ ጨው እንደማይጣፍጥ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አባቶቻችንም ከአፋር በረሓ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚወጣውን አሞሌ እንደ ገንዘብ አድርገው ሲገበያዩበት ብዙ ዘመን ኖረዋል። ነገር ግን ለማእድ ጌጥ የሆነው ይኸው ጨው ለእርሻ ሲሆን ብርቱ ጠላት ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተነገረው፥ አቤሜሌክ የሴኬምን ከተማ ካፈረሰ በኋላ ጨው ዘራባት፤ ይህም ምድሪቱ ባድማ ሆና ትቅር ማለት እንደ ሆነ መምህራን ይተረጕማሉ። እንግዲህ ሰው በጠላቱ ከተማ ላይ በቍጣ ያደረገውን ነገር፥ እኛ ባለማወቅ በገዛ ማሳችን ላይ እንዳናደርገው መጠንቀቅ ይገባናል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ጕዞ ነው። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከሠመራ አጠገብ፥ ሎጊያ የምትባል ከተማ አለች። ስለ ሥራ ጕዳይ ወደዚያ ወርጄ ሳለሁ፥ አንድ ቀን ጧት በመስኖ ዳር የሚገኝ ማሳ አየሁ። ከሩቅ ሲመለከቱት የደጋ ውርጭ ያደረበት ይመስላል፤ በዚያ አገር ግን ውርጭ ከቶ አይታወቅም። ቀርቤ ባየው ጨው ነው። በአጠገቡ ግመሎቻቸውን ይጠብቁ ከነበሩ ከአንድ የአፋር ሽማግሌ ጋራ ዳጉ ተለዋወጥን፤ ዳጉ ማለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የሚነጋገሩበት የአፋር ሥርዐት ነው። ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ከማሳው ጥቂት አፈር ቈንጥረው በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱና ለእኔም ሰጡኝ። «ይህ መሬት እኔ ልጅ ሳለሁ ሣር ነበረ፤ ኋላ ጥጥ ሆነ፤ አሁን ለሰውም ለፍየልም አይሆንም» አሉኝ። «አባቴ፥ ጨውን ማን አመጣው?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ መልስ ሳይሰጡ በበትራቸው ወደ ወንዙ አመለከቱኝ።

እኔም በዚያ ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። አዋሽን ሰውም ከብትም ይጠጣዋል፤ ጨው ጨው አይልም። በኋላ ግን የሊቃውንትን ጽሑፍ ስመለከት፥ ሽማግሌው እውነተኛውን ዳጉ እንደ ነገሩኝ ተረዳሁ።

አዋሽ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ በዱብቲና በአሳይታ በኩል አልፎ በጅቡቲ ወሰን ካለው ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ዓባይ ከሜድትራኒያን ባሕር ይደርሳል፤ አዋሽ ግን ባሕር አያይም። ስለዚህ ከዐለትና ከአፈር እያጠበ ያመጣውን ጨው የሚያስረክብበት ስፍራ የለውም። ውኃውን ወደ ማሳ ብንመልሰው፥ ውኃው በፀሐይ ተንኖ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ጨው ግን ክንፍ የለውምና ከመሬቱ ላይ ይቀራል። ይህን ነገር በቤታችንም ልናየው እንችላለን። በበረንዳ ላይ ባለው የአበባ ማሰሮ ከንፈር ዙሪያ የሚታየው ነጭ ቅርፊት፥ ከየቀኑ ውኃ ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ጨው ነው።

ነገሩ ምን ያህል እንደ ሆነ በሒሳብ እንይ። በአንድ ሊትር የመስኖ ውኃ ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው አለ እንበል፤ ይህ በአፍ አይታወቅም። በሞቃት አገር አንድ ማሳ በዓመት የአንድ ሜትር ጥልቀት ያህል ውኃ ቢጠጣ፥ ለአንድ ሔክታር 10,000 ሜትር ኩብ ውኃ መሆኑ ነው። ከዚህም ውኃ ጋራ 50 ኩንታል ጨው ወደ ማሳው ይገባል። ጥንት አንድ ጋሻ በምንለው፥ 40 ሔክታር በሚሆነው መሬት ላይ ሲሰላ 2,000 ኩንታል ይሆናል። ይህን ሁሉ በዓመት በዓመት የሚያወጣ ቦይ ከሌለ፥ ባለመሬቱ በየዓመቱ ዕዳ እየተበደረ እንደሚኖር ሰው ነው። በሎጊያና በዱብቲ አካባቢ ደግሞ ዝናሙ በዓመት 200 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ጨውን አጥቦ ወደ ታች የሚያወርድ ክረምት የለም።

በመካከለኛው አዋሽ፥ በመልካ ሳዲና በአሚባራ፥ የደረሰውም ይኸው ነው። ማሳው ያለ በቂ ማጠንፈፊያ ብዙ ዘመን ውኃ ስለ ጠጣ፥ ከመሬት በታች ያለው ውኃ ወደ ላይ ከፍ እያለ መጣ፤ ጨውንም ተሸክሞ ወደ ሥሩ አቀረበው፤ ብዙ ማሳም ተለቅቆ ቀረ። ከመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም፥ በ1950 ዓ.ም. ግድም 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው፥ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እስኪሆን ድረስ ሰፍቷል፤ ጨዋማ ውኃውም ከአዋሽ ጋራ ሲቀላቀል ከታች ላሉት ገበሬዎች ሌላ ሥጋት ነው።

አሁን ጨው ቅጠልን እንዴት እንደሚጐዳ ለመረዳት፥ አስቀድሞ የቅጠልን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅጠል የዓለም ሁሉ ወጥ ቤት ነው። እኛ ስንተነፍስ የምናወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ከውጭ ይቀበላል፤ ከሥር ውኃ ይመጣለታል፤ እሳቱ የፀሐይ ብርሃን ነው። ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ብርሃኑን ይዞ፥ ውኃውንና አየሩን አዋሕዶ ስኳር ይሠራል፤ ለእኛም የምንተነፍሰውን ኦክሲጅን ይለቅልናል። ይህ ሥራ በትምህርት ቤት አማርኛ «ብርሃን አስተጻምሮ» ይባላል። እንጀራውም፥ ጠላውም፥ የበሬው ሣርም፥ የሸማችን ጥጥም ከዚህ ወጥ ቤት የወጣ ነው።

ይህ ወጥ ቤት በሮች አሉት። በጥፍር በምታክል የቅጠል ክፋይ ላይ በዓይን የማይታዩ፥ በሺህ የሚቈጠሩ ቀዳዳዎች ይገኛሉ። አየሩ የሚገባው በእነርሱ ነው፤ ነገር ግን አየር ሲገባ ውኃ በዚያው በር እንደ እንፋሎት ይወጣል። ስለዚህ ተክል ሁልጊዜ በሁለት ነገር መካከል ይኖራል፤ በሩን ከከፈተ ይጠማል፥ ከዘጋ ይራባል። አፈሩ መልካም ውኃ ያለው ሲሆን ይህ ችግር ቀላል ነው። ጨው ሲገባበት ግን ብርቱ ፈተና ይሆናል።

ጨው በሁለት መንገድ ይጐዳል። የፊተኛው ጥማት ነው። ውኃ ጨው ወደ በዛበት ወገን መሳቡ የተፈጥሮ ሕግ ስለ ሆነ፥ ሥሩ በእርጥብ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ውኃውን መጠጣት ይቸግረዋል። ባሕር ላይ ያለ መርከበኛ በውኃ ተከብቦ እንደሚጠማ ማለት ነው። ሥሩም የጥማቱን ወሬ ወደ ላይ ይልካል፤ ቅጠሉ በሮቹን ይዘጋል፤ አየር አይገባምና የስኳሩ ሥራ ይቀንሳል። ይህ ጨው በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሚታይ ነው።

ሁለተኛው መመረዝ ነው፤ ይህ በቀናትና በሳምንታት የሚመጣ ነው። የጨው ክፍሎች የሆኑት ሶዲየምና ክሎራይድ ከውኃው ጋራ ጥቂት በጥቂት ወጥተው በቅጠሉ ውስጥ ይከማቻሉ። ሶዲየም ፖታሲየም የሚባለውን ጠቃሚ ማዕድን ከወንበሩ አስነሥቶ ይቀመጥበታል፤ ሥራውን ግን አይችልም። ልክ ሥራ የማያውቅ ሰው በሹመት ወንበር እንደ ተቀመጠ ሁሉ ነገር ይበላሻል። በመጀመሪያ አሮጌዎቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው ይነዳሉ።

በዚህ ላይ ሦስተኛ ጣጣ ይጨመራል። በሩ ቢዘጋም ፀሐይ መውጣቷን አትተውም። አየሩ ሳይገባ ብርሃኑ ብቻ ሲገባ፥ ድስት ሳይጣድበት እንደሚንቀለቀል ምድጃ ይሆናል፤ እሳቱም የሚያበስለው ሲያጣ ቤቱን ያቃጥላል። ትርፉ ብርሃን ኦክሲጅኑን ወደ ክፉ ጠባይ ለውጦ የሕዋሱን አካል ያስበላዋል። ስለዚህ በጨው መሬት ላይ የሚኖር ተክል ጨውን ብቻ ሳይሆን፥ የገዛ ምድጃውን እሳት ጭምር መግዛት አለበት።

ታዲያ እነ ገብስና እነ ጥጥ ይህን ሁሉ ችለው እንዴት ይሠራሉ? ሊቃውንት መርምረው ያገኙትን በአጭሩ ላስረዳ።

1ኛ፥ በደጅ መመለስ። ብልህ ሥር ሶዲየምን ከበር ይመልሰዋል፤ የገባውንም ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ደግሞ ከውኃው መንገድ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። እንጀራና ዳቦ የምንጋግርበት ስንዴ፥ ለማካሮኒ ከሚሆነው ከዱረም ስንዴ ይልቅ ጨውን የሚችለው በዚህ ጥበብ ስለሚበልጠው ነው።

2ኛ፥ በጓዳ መቈለፍ። ሁሉን መመለስ አይቻልምና፥ የገባውን ጨው ገብስ በሕዋሱ ውስጥ ባለ፥ ቫኩዮል በሚባል ጓዳ ይቈልፍበታል፤ ከወጥ ቤቱም ያርቀዋል። ደግሞም ጨው አብዝቶ የሚከማቸው በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ነው። እነርሱ ጨውን ተሸክመው ይደርቃሉ፤ ፍሬውን የሚመግበው ለጋው ቅጠል ግን ንጹሕ ሆኖ ይሠራል። ወላጅ ስለ ልጁ እንደሚከፍለው ያለ ዋጋ ነው።

3ኛ፥ የማይጐዳ ቅመም መሥራት። ተክሉ ፕሮሊንና ግላይሲን ቤታይን የሚባሉ ነገሮችን በውስጡ ያዘጋጃል። እነዚህ የሕዋሱን ውስጥ ከአፈሩ ጋራ በማስተካከል ውኃ እንዳይሸሽ ይይዛሉ፤ ብርሃን የሚቀበለውንም ክፍል ከመፍረስ ይጠብቃሉ። የቤታይን ስም የተወሰደው ከቀይ ሥር የላቲን ስም ነው፤ ቀይ ሥርም ጨውን ከካሮት ይልቅ የሚችል አትክልት ነው።

4ኛ፥ እሳትን ማብረድ። ቅጠሉ ትርፉን ብርሃን ወደ ሙቀት ለውጦ ይጥለዋል፤ ለዚህም የካሮትን ቀለም የመሰሉ ቢጫ ቀለሞች ይረዱታል። ክፉ ጠባይ የያዘውን ኦክሲጅን የሚያጠፉ ኤንዛይሞችም እንደ እሳት አጥፊ ሠራተኛ ቆመው ይጠብቃሉ።

5ኛ፥ በጠባብ በር መኖር። ማሽላ፥ ጤፍ፥ በቆሎና ሸንኮራ አገዳ አየሩን አጠራቅመው ወደ ውስጥ የሚያደርሱበት ልዩ አሠራር ስላላቸው፥ በሩን ጥቂት ብቻ ገርበብ አድርገው መሥራት ይችላሉ። ሆኖም ይህ ብቻውን አያድንም። በቆሎና ሸንኮራ አገዳ ይህ ስጦታ እያላቸው፥ ጨውን ከደጅ መመለስ ስለማይሆንላቸው ፈጥነው ይጐዳሉ።

ይህ ልዩነት በቍጥር ተለክቷል። ሥሩ ካለበት አፈር ተጠልሎ በወጣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ጨው ሲሰላ፥ አደንጓሬ ከ0.6 ግራም በላይ ሲሆን ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። በቆሎና ሸንኮራ አገዳ እስከ 1.1 ግራም፥ ቲማቲም እስከ 1.6 ግራም፥ ስንዴ ወደ 4 ግራም ግድም፥ ጥጥና ገብስ ደግሞ እስከ 5 ግራም ግድም ይታገሣሉ። እንግዲህ ገብስ አደንጓሬን ስምንት እጥፍ ይበልጠዋል። ሁለቱም ግን ወሰን አላቸው፤ የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ገብስንም ይገድለዋል።

ይህን ቍጥር በእጃችን ይዘን የታችኛውን አዋሽ ታሪክ ብንመለከት ብዙ እንማራለን። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የመስኖ እርሻ በሸለቆው ሁሉ ተስፋፋ። በዱብቲ ተንዳሆ የሚባለውን ትልቅ የጥጥ እርሻ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ያሠራው ነበር፤ በአውሳም ሡልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬ የአፋር ሰዎች ራሳቸው ጥጥ እንዲያለሙ አበረታቱ። ከብዙ ዓመት በኋላ የተንዳሆ ግድብ ተሠርቶ፥ የጥጡ መሬት ለሸንኮራ አገዳ እንዲሆን ታሰበ፤ በቅርብ ዓመታትም በአካባቢው ስንዴ ተዘርቷል። ጥጥ 5 ግራም ይችል የነበረበት መሬት፥ 1 ግራም ጥቂት ሲያልፍ ለሚያንገሸግሸው ለአገዳ ሲሰጥ፥ ማሳው ይበልጥ መታጠብና ይበልጥ መጠንፈፍ አለበት ማለት ነው። የእርሻውን ዐይነት የሚለውጥ ባለሥልጣን፥ ከገበያው ዋጋ ጋራ የቅጠሉንም ዐቅም አብሮ መመርመር ይገባዋል።

በዚህ ነገር እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል የነበሩት የሱመር ሰዎች ስንዴና ገብስ በመስኖ ያለሙ ነበር። ጸሓፊዎቻቸው በሸክላ ጽላት ላይ የተዉትን የእህል መዝገብ ሁለት ሊቃውንት፥ ጃኮብሰንና አዳምስ፥ መርምረው በ1951 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ ዘመን በገፋ ቍጥር ስንዴው እያነሰ ገብሱ እየበዛ ሄደ፤ በመጨረሻም የገብሱ ምርት ራሱ ቀነሰ። ምክንያቱ ጨው ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነበረ በሚለው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ መዝገቡ የሚያስጠነቅቀው ነገር ግን ግልጽ ነው።

ተስፋም አለ። በ1919 ዓ.ም. ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ የዕፀዋት ሊቅ ወደ አገራችን መጥቶ፥ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘንድ ቀርቦ፥ የገብሳችንንና የዱረም ስንዴያችንን ዐይነት ብዛት አይቶ እጅግ አድንቋል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የአውስትራልያ ሊቃውንት ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ የተገኘ፥ ሶዲየምን በመንገድ የሚይዝ ዘር ያለበት ዱረም ስንዴ በጨዋማ ማሳ ላይ ዘርተው፥ ምርቱ እስከ 25 በመቶ እንደ ጨመረ አስታወቁ። ለአንድ አሮጌ የእህል ዘር ማን ግድ ይለዋል የሚል ሰው ቢኖር፥ ይህን ይመልከት። በየጎተራችን ያለው የአያቶቻችን ዘር ነገ ለሎጊያ ማሳ መድኀኒት ሊሆን የሚችል ሀብት ነውና፥ እንዳይጠፋ መጠበቅ ግዴታችን ነው።

ዘሩ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የመሬቱ ባለቤት ሊያደርገው የሚገባ አለ። ውኃ የሚያስገባ ቦይ ሲቈፈር፥ ውኃ የሚያጠነፍፍ ቦይ አብሮ ይቈፈር። ከመዝራት በፊት ማሳው በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ቡቃያ እንደ ሕፃን ነውና ጨውን አይችልም። ውኃ ብቻ የማያጥበው፥ ሶዲየም የያዘው ደንዳና አፈር ሲሆን፥ ጂፕሰም ማለት ጀሶ እየተሰጠው ይታጠብ። አፈሩ በየጊዜው በዐዋቂ ይመርመር። መሬቱ ለእህል እስኪመለስ ድረስም፥ ጨውን በቅጠሉ ላይ አውጥቶ የሚጥለውን ሮደስ ሣር ዘርቶ ለከብት መኖ ማድረግ ይቻላል፤ በወረር የእርሻ ምርምር ማዕከልም ይህን የመሰለው ሣር ተሞክሯል። ሽማግሌው ለፍየል እንኳ አይሆንም ያሉት መሬት፥ ቢያንስ ለግመላቸውና ለፍየላቸው ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ወላጆች ነገሩን ለልጆቻቸው በቤት ማሳየት ቢፈልጉ፥ አራት ከሥራቸው የተበሱ ትንንሽ ማሰሮዎች ያዘጋጁ። በሁለቱ ገብስ፥ በሁለቱ አደንጓሬ ይዝሩ። ቡቃያው ስንዝር ሲሆን፥ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ልክ ሟሙቶ፥ አንዱን ገብስና አንዱን አደንጓሬ በዚያ ያጠጡ፤ የቀሩትን በንጹሕ ውኃ ያጠጡ። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የአደንጓሬው ቅጠል ከዳሩ ሲነድ ያያሉ። ገብሱ ቁመቱ ያጥራል፤ የታችኞቹ ቅጠሎቹም ቢጫ ይሆናሉ፤ ለጋው ቅጠል ግን አረንጓዴ ሆኖ ሥራውን ይሠራል። ልጁም «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ከዚህ በላይ የተጻፈውን ማስረዳት ይቻላል።

ከዚያም አንድ ነገር ይጨምሩለት። ገብሱ የቻለው ስለ ጀገነ ብቻ አይደለም፤ ከማሰሮው ሥር ያለው ቀዳዳ ጨዋማውን ውኃ ስላስወጣለት ጭምር ነው። ያ ቀዳዳ ቢደፈን፥ ገብሱም እንደ አደንጓሬው ይሞታል። የአዋሽ ሸለቆም እንደዚያ ማሰሮ ነው፤ ወደ ባሕር የሚያስወጣ ቀዳዳ እግዚአብሔር አልሰጠውም። ስለዚህ ጨውን ከማሳ የማስወጣቱ ሥራ ለእኛ ለሰዎች ተሰጥቷል።